ሁለቱ አንድ ቤት አይደሩ

«ሲስተም የለም» የሚለውን ቃል በባንክ መስኮት ወይም በመንግሥት ቢሮ ደጃፍ ያልሰማ የከተማችን ነዋሪ ያለ አይመስለኝም። ሰው ወረፋውን ጠብቆ፣ መታወቂያውን አውጥቶ፣ ተራዬ ደረሰ ሲል ያ ቃል ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ከማን ጋር ይከራከሩታል? እኔ ይህን ቃል የማውቀው ከመስኮቱ በስተጀርባ ሆኜ ነው። ሲስተሙ እንዳይጠፋ ደመወዝ የሚከፈለኝ ሰው ነኝ። ስለዚህ አንድ ሶፍትዌር ታድሶ ሲወጣ ያመጣውን አዲስ ነገር እንደ ዜና ማንበብ አይሆንልኝም። የ2017ን መጋቢት እያሰብኩ ነው የማነበው።

የምሠራበት የመድኃኒት ማከፋፈያ መጋዘን ያለው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ ከተማዋ አልቃ የአዳማው የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ብዙ ሳይርቅ። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ጉብታ ማለት ነው። መጋዘናችን የቆመበት መሬት ግን ጥቁር ነው፤ ክረምት ሲገባ ጫማ የሚነጥቅ ጭቃ ይሆናል። በአንድ በኩል ኮንዶሚኒየሙ ተደርድሯል፤ በአጥሩ ማዶ ደግሞ ዛሬም ጤፍና ሽምብራ ይዘራል። ሰርቨሮቹ የተቀመጡት ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ቀድሞ ባዶ ካርቶን ይከመርባት በነበረች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ሦስት ሰርቨር፣ ሁለት ማቀዝቀዣ፣ አንድ ዩፒኤስ፣ በር ላይ ጄኔሬተር። ሌላ የለንም።

ክላውድ ሲባል ብዙ ሰው ባሕር ማዶ ያለ፣ የማይታይና የማይነካ ነገር ይመስለዋል። የእኛ ክላውድ ግን ይቺ ክፍል ናት። ሦስቱን ሰርቨሮች አንድ የሚያደርጋቸው በላያቸው ላይ የሚሠራው የማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ነው። በእነርሱ ላይ 40 ያህል ቨርቹዋል ማሽኖች፣ ማለትም በሶፍትዌር የተሠሩ ኮምፒውተሮች፣ ይኖራሉ፦ የሒሳቡ፣ የክምችቱ፣ የበር መቆጣጠሪያው፣ የቀዝቃዛ ክፍሉን ሙቀት የሚመዘግበው። አንዱ ሰርቨር ሊጠገን ሲል በላዩ ያሉትን ማሽኖች ሥራቸው ሳይቋረጥ ወደ ሌላው ማዛወር ይቻላል። ማህደረ ትውስታው ማሽኑ እየሠራ ሳለ ይገለበጣል፤ መጋዘን ውስጥ ባርኮድ የምታነበው ልጅ ከእግሯ ሥር ቤት እንደተቀየረ አታውቅም። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁ ዕለት እጄን በአፌ ጭኜ ቀርቻለሁ። እስካሁንም አልሰለቸኝም።

የምንጠቀምበት ሶፍትዌር ፕሮክስሞክስ ቪኢ ይባላል። የሚሠራው ቪየና፣ ኦስትሪያ ውስጥ ነው፤ መጀመሪያ የወጣው በፈረንጆች 2008 ነው፤ ምንጩ ክፍት ነው። የድጋፍ ክፍያ የሚፈልግ ይከፍላል፤ ያልፈለገም መጠቀም ይችላል። ወደ እርሱ የተዛወርነው በ2017 መጀመሪያ ሲሆን ምክንያቱን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ለቀድሞው ሶፍትዌር በየዓመቱ በዶላር እንከፍል ስለነበር የፈቃዱ ዋጋ በብር ሲተመን እጥፍ ሊሆን ደረሰ። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ምንም ሳይናገር ወጣ። እኔም አንድ ወር ሙሉ ማታ ማታ አዲሱን ስማር ከረምኩ።

አሁን ወደ መጋቢቱ ልግባ።

የክምችቱ ዳታቤዝ ሁለት ማሽን ላይ ነው የሚኖረው። ዋናው የተጻፈበትን እያንዳንዱን ነገር በዚያው ቅጽበት ለተጠባባቂው ይልካል። ለምን ሁለት አስፈለገ ቢባል፣ የሰርቨሮቻችን ዲስክ የየራሳቸው ነው፤ ውድ የሆነውን የጋራ ማከማቻ መግዛት አልቻልንም። ሶፍትዌሩ የእያንዳንዱን ማሽን ዲስክ ወደ ሌሎቹ ሰርቨሮች በየ15 ደቂቃው ይገለብጣል። አንድ ሰርቨር ድንገት ቢሞት ማሽኖቹ በሁለት ደቂቃ ገደማ ውስጥ በሌላው ላይ ይነሣሉ፤ የሚነሡት ግን የመጨረሻው ግልባጭ በተያዘበት ሁኔታ ነው። በመካከል ያለፈው ደቂቃ ይጠፋል። ለደብዳቤ መዝገብ ይህ ምንም አይደለም። የየትኛው መድኃኒት ስንት ካርቶን ለማን ወጣ ለሚል መዝገብ ግን ትልቅ ነገር ነው። ተጠባባቂው የተቀመጠው ያቺን ክፍተት እንዲሸፍን ነው። እንዲሸፍን ደግሞ ከዋናው ጋር በአንድ ሰርቨር ላይ መሆን የለበትም።

ይህን ሕግ የማውቀው እኔ ነበርኩ። በሰማያዊ ደብተሬ ላይ በሁለቱ ማሽኖች መለያ ቁጥር «110 እና 111 ለየብቻ» ብዬ ጽፌዋለሁ፤ ደብተሩ ደግሞ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

ረቡዕ ዕለት ሦስተኛው ሰርቨር ላይ ማህደረ ትውስታ ልጨምር ብዬ በላዩ የነበሩትን ማሽኖች ሁሉ ወደ አንደኛውና ሁለተኛው አዛወርኩ። ሥራው አለቀ፤ መመለስ ጀመርኩ። በመሐል ከመጋዘን ስልክ ተደወለ፤ የመለያ ወረቀት ማተሚያው ቆሟል። ሄድኩ፣ አስተካከልኩ፣ ተመልሼ ቀሪዎቹን አዛወርኩ። አንዱን ረሳሁ። 111ን።

ዓርብ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ አንደኛው ሰርቨር ሞተ። ዋናውም ተጠባባቂውም በላዩ ነበሩ። ሶፍትዌሩ የታዘዘውን ሁሉ አደረገ፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሁለቱንም አነሣቸው። ሲነሡ ግን ያለፈው 13 ደቂቃ በውስጣቸው አልነበረም። በዚያ 13 ደቂቃ ውስጥ ደግሞ መጋዘኑ ሲጭን ነበር፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የእኛ የገበያ ቀን ነው። ስክሪኑ ላይ ሁሉም አረንጓዴ፣ ሁሉም ጤነኛ ነው። ሲስተም አለ፤ የሚናገረው ግን እውነት አይደለም። ከ«ሲስተም የለም» የባሰ ነገር እንዳለ ያን ዕለት ነው የገባኝ።

የመጋዘኑ ኃላፊ እጅ በእጅ ተቆጥሮ ካልታረቀ አንድም ካርቶን አይወጣም አለች። ልክ ነበረች። ቆጠራው እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ዘለቀ። በር ላይ የቆሙት መኪኖች አንድ ሁለት እያሉ ሞተራቸውን አጠፉ። ከመካከላቸው ከአሰላ የመጣ አንድ ሹፌር የኢንሱሊን ማቀዝቀዣ ሣጥን ይዞ ተራ እየጠበቀ ነበር። ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውስጥ መቆየት አለበት፤ ሰውየው ለሦስት ሰዓት መንገድ ያዘጋጀው በረዶ በጥበቃው ጊዜ እየቀለጠ ነው። ሣጥኑን ከፍቶ አሳየኝ። የበረዶ ከረጢቶቹ ለስልሰው ውኃ ሆነዋል፤ በጣቱ ጫን ሲላቸው ሰመጡ። ሣጥኑ ገና ባዶ ነው፤ ጭነቱ በረዶውን ሲጠብቅ በረዶው ቀድሞ አለቀ። ከቀዝቃዛው ክፍል ሌላ አምጥቼ ለወጥኩለት። «ችግር የለም ወንድሜ፣ የሚጠብቁኝ ሰዎች ናቸው እንጂ እኔስ ለምጄዋለሁ» አለኝ። ያን ሌሊት ቤቴ ስገባ ይህ አነጋገሩ አብሮኝ ገባ። ሚስቴ እራት ስታቀርብ ምን ሆነሃል አለችኝ፤ አንድ ነገር ረሳሁ ከማለት በቀር የምነግራት አልነበረኝም።

ሐምሌ 29 ቀን 2017 የፕሮክስሞክስ 9.0 እትም ወጣ። የአዲስ ነገሮቹን ዝርዝር ያነበብኩት ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ የኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ብዙውን በፍጥነት አለፍኩት። የኔትወርክ መረብ ዝርጋታን የሚያቀልል ነገር አለው፤ ሦስት ሰርቨር ላለው ሰው አይደለም። የጋራ ማከማቻ ላላቸው የዲስክ ቅጽበታዊ ቅጂ መያዣ አለው፤ እኛ የጋራ ማከማቻ የለንም። ለስልክ የሚሆነው ገጽ እንደገና ተሠርቷል፤ ይህን ወደድኩት። የአንዱ ማሽን ሁኔታ ምን እንደሚመስል ለማየት ከታክሲ ወርጄ ላፕቶፕ የከፈትኩባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም።

ቆም ብዬ ያነበብኩት ስለ ዲስክ መጨመር ያለውን ነው። ዜድኤፍኤስ በሚባለው የዲስክ አደረጃጀት ቀድሞ አራት ዲስክ በአንድነት አስረህ ከሆነ በኋላ አምስተኛ ልጨምርበት ማለት አይቻልም ነበር። ሁሉንም አፍርሶ እንደገና መሥራት፣ ወይም አዲስ ስብስብ ሙሉውን መግዛት ግድ ይል ነበር። አሁን አንድ ዲስክ ብቻ ገዝተህ በነበረው ላይ ትቀጥላለህ። በሀብታም አገር ይህ ትንሽ ነገር ሊሆን ይችላል። ዲስክ አንድ አንድ እያለ፣ ምንዛሪ በተገኘ ጊዜ ለሚገዛ መሥሪያ ቤት ግን ትልቅ ነገር ነው፤ አንድ የቪየና ሰው የእኛን የግዢ ክፍል የሚያውቅ እስኪመስለኝ ድረስ።

ከዚያ ወረድ ብሎ ስለ ማሽኖች ዝምድና የሚናገር አንድ አንቀጽ ነበር። ከአሁን በኋላ አስተዳዳሪው ሁለት ዓይነት ሕግ መጻፍ ይችላል ይላል፦ እነዚህ ማሽኖች ምንጊዜም አብረው ይሁኑ፤ ወይም እነዚህ ማሽኖች በፍጹም አንድ ሰርቨር ላይ አይገናኙ። ሰርቨር ሲሞትና ማሽን ሲነሣ ሕጉ ይጠበቃል። ሰው በእጁ ሲያዛውርም ይጠበቃል። ያን አንቀጽ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ረዳቱ ወራጅ ካለ ሲል አልሰማሁትም፤ ፌርማታዬን አልፌ በእግሬ ተመለስኩ።

ለመሆኑ ከዚህ በፊት መንገድ አልነበረም ወይ የሚለኝ ባለሙያ ይኖራል። ነበረ። ማሽንን ከተወሰኑ ሰርቨሮች ጋር በቡድን ማሰር ይቻል ነበር። ችግሩ እሱ የሚያውቀው ማሽንና ሰርቨርን እንጂ ማሽንና ማሽንን አለመሆኑ ነው። 110ን በአንደኛው፣ 111ን በሦስተኛው ላይ ብትቸነክራቸው ይለያያሉ፤ ነገር ግን ከቦታቸው ንቅንቅ ስለማይሉ ሰርቨር ሲሞት መሸሻ ያጣሉ። መሸሻ ብትሰጣቸው ደግሞ ሲሸሹ ሊገናኙ ነው። እኔ የምፈልገው የትም ይሁኑ፣ ብቻ አይገናኙ ማለት ነበር። ያንን የሚያውቀው ደብተሬ ብቻ ነበር።

እድሳቱን ወዲያው አላደረግነውም። የጳጉሜንና የመስከረም ሒሳብ መዝጊያ አለ፤ ደግሞም አዲስ እትም እንደወጣ የሚጭን ሰው ድፍረቱን እንጂ ብልኃቱን አላደንቅለትም። ኅዳር ላይ አንድ እሑድ መረጥን። ከእኔ ጋር የነበረችው ከተቀጠረች አራት ወር የሆናት ልጅ ናት፤ ትምህርቷን የጨረሰችው እዚሁ አጠገባችን ቂሊንጦ ካለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ነው። እናቷ የቋጠሩላትን ዳቦ ይዛ መጣች። አብሮት የሚመጣ መፈተሻ ፕሮግራም አለ፤ ከመጀመርህ በፊት ያልተስተካከለውን አንድ በአንድ ይነግርሃል። ሁለት ቢጫ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ አስተካከልን። ከዚያ አንዱን ሰርቨር ባዶ አድርጎ ማደስ፣ አስነሥቶ ማየት፣ ማሽኖቹን መመለስ፣ ወደ ቀጣዩ መሄድ። ማሽን ከአሮጌው እትም ወደ አዲሱ ይዛወራል፤ ከአዲሱ ወደ አሮጌው ግን ዋስትና የለውም። ስለዚህ አንዴ ከጀመርክ ወደ ኋላ አይባልም። ከሦስቱ ሁለቱ ካልተስማሙ ክላስተሩ፣ ማለትም የሰርቨሮቹ ኅብረት፣ ሥራ ስለሚያቆም አንዱ ሲታደስ በቀሩት ሁለቱ ላይ እጃችንን እንኳ አላሳረፍንም። ከጠዋቱ 2 ሰዓት የጀመርነው 10 ሰዓት ላይ አለቀ። አንድም ማሽን አልተቋረጠም። የጥበቃ ሠራተኛው ሻይ ይዘውልን መጥተው «ዛሬ ደግሞ ምን ፈረሰ?» አሉን። ምንም እንዳልፈረሰ ነገርናቸው፤ ተቀምጠው አብረውን ጠጡ።

ሕጉን የጻፍኩት በማግስቱ ነው። አንድ መስኮት ይከፈታል፤ ማሽኖቹን ትመርጣለህ፤ አብረው ይቀመጡ ወይም ተለያይተው ይቀመጡ የሚለውን ትመርጣለህ። ከሥር ማስታወሻ የሚጻፍበት ቦታ አለ። በአማርኛ ጻፍኩበት።

ከመተማመኔ በፊት ግን ልፈትነው አልኩ። ለሙከራ ሦስት ትናንሽ ማሽኖች ሠርቼ ሦስቱም ፈጽሞ አይገናኙ የሚል ሕግ ጻፍኩላቸው። በየሰርቨሩ አንድ አንድ ሆነው ተቀመጡ። ከዚያ አንዱን ሰርቨር አጠፋሁት። የእርሱ ማሽን በሌላ ላይ እስኪነሣ ጠበቅኩ፤ ሁለት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። አልተነሣም። ልቤ ወደቀ፤ የተበላሸ መሰለኝ። መመሪያውን ስመለከት ነገሩ ወለል አለልኝ። በቀሩት ሁለት ሰርቨሮች ላይ ከማይገናኛቸው ማሽኖች አንድ አንድ አለ፤ የሚሄድበት ቤት የለም። ሕጉን ጥሶ ከሚነሣ ሕጉን ጠብቆ ተኝቶ ይቆያል። የሞተውን ሰርቨር ሳስነሣው እርሱም ተነሣ።

ይህን በጣም አስቤበታለሁ። እኔ ብሆን አስነሣው ነበር። ለጊዜው ነው፣ ነገ እለያቸዋለሁ እል ነበር። ረቡዕም ያልኩት ይህንኑ ነው፤ መልሼ አዛውረዋለሁ። ሰው ለራሱ የሚሰጠው ፈቃድ ብዙ ነው። ይሁንና ጥብቅነቱ ዋጋ አለው። ሦስት ሰርቨር ላለው ሰው ሦስት ማሽን ማለያየት አንዱ ሰርቨር በሞተ ቁጥር አንዱን ማሽን ማስተኛት ነው። ሁለት ብቻ ብታለያይ ግን አንዱ ሰርቨር ቢሞትም ሁለት ቤት ይቀራል፤ ችግር የለም። እኛ የሚያስፈልገን ሁለት ነው። ቁጥሩን ሳያሰሉ ሁሉንም ከሁሉም ለማለያየት የሚሞክር ሰው ቢኖር ግን በፈተና ቀን እንዳይደነግጥ ከወዲሁ ይወቀው።

የጥበቃ ሠራተኛውን ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። የጄኔሬተሩ ክፍል ሁለት ቁልፍ አለው። አንዱ እርሳቸው አንገት ላይ፣ በጥቁር የጫማ ክር ታስሮ ከመስቀላቸው ጋር ይውላል። ሁለተኛው ገንዘብ ያዥዋ መሳቢያ ውስጥ ነው። መጋቢት ላይ ያ ሁሉ ከሆነ በኋላ ቁልፎቹን ሁሉ በአንድ ቀለበት ላድርጋቸውና እኔ ልያዛቸው፣ ሌሊት ስመጣ ይቀለኛል አልኳቸው። ክሩን በጣታቸው ያዝ አደረጉት። «አይሆንም ልጄ። ሁለት የሆነው አንዱ ሲጠፋ አንዱ እንዲተርፍ ነው። አንድ ቀለበት ላይ ከሆኑማ አንድ ናቸው» አሉኝ። እለምናቸዋለሁ ብዬ ነበር፤ ፊታቸውን አይቼ ተውኩት። ሥራ አስኪያጁ ቢጠይቋቸውም የሚሰጡ አይመስለኝም።

ጥር ላይ አክስቴ ዐረፉ። አሳድገውኛል፤ የመጀመሪያውን ኮምፒውተር የገዙልኝም እርሳቸው ናቸው፣ በግ ሸጠው። ለቀብር ወደ አገር ቤት ሄድኩ። ስልክ እንደ ልብ አይሠራም፤ ሁለት ቀን ሙሉ አንድም ነገር አልከፈትኩም። ቀድሞ ቢሆን ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሐሳቤ ሰርቨር ክፍል ነበር የሚሆነው። የእናቴ ለቅሶ ላይ እንደዚያ ነበርኩ፤ ዛሬም ይቆጨኛል። በዚህኛው ግን ከሰው ጋር አለቀስኩ፤ ንፍሮ በላሁ፤ የአክስቴን ነገር ከሚያወሱት ጋር ሳወሳ አመሸሁ።

በሰልስቱ ከሰዓት በኋላ ከቤቱ በላይ ወዳለው ዳገት ወጥቼ ስልኬን ከፈትኩ። ወዲያው ተደወለ። የሥራ ባልደረባዬ ናት። «እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ነፍሳቸውን ይማር» አለችኝ። አመሰገንኳት። ስለ ቤተሰቡ ጠየቀችኝ፤ መቼ እንደምመለስ ጠየቀችኝ። ስለ ሥራ ላለማንሣት እንደምትጠነቀቅ ያስታውቅባታል፤ እኔው ጠየቅኳት።

«ሁሉ ደኅና ነው» አለች። «ሁለተኛው ሰርቨር ማራገቢያው እየጮኸ ስለነበር ትናንት ባዶ አድርጌ አስቀየርኩት። ማሽኖቹን ሳዛውር ብቻ አንዱ እምቢ አለኝ። ወደ ሦስተኛው ልወስደው ብል ከለከለኝ። አንተን እንዳልደውል ለቅሶ ላይ ነህ። ከዚያ ሕጉን ከፍቼ ሳይ ማስታወሻ አገኘሁበት።»

«ምን ይላል?» አልኳት፤ የጻፍኩትን ረስቼው ነበር።

ከስክሪኑ ላይ አነበበችልኝ፦ «ዳታቤዙና ተጠባባቂው ናቸው። ሁለቱ አንድ ቤት አይደሩ። የአሰላው ሰውዬ በር ላይ ቆሟል።»

«ሰውዬውን አላወቅኩትም» አለች። «ግን ወደ አንደኛው ወሰድኩት።»